ነፋስ ሰውን ተራራ የሚያወጣው እንዴት ነው?

ከኦስሎ ወደ በርገን የሚሄደው ባቡር ሀውጋስቶል የምትባል ትንሽ ጣቢያ ላይ ሲቆም፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በመስኮቱ የሚታየው ነገር ለማመን ያስቸግራል። ስኪ ያጠለቁ ሰዎች ሞተርም ውሻም ሳይጎትታቸው ሽቅብ ይወጣሉ። ከፊታቸው ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ባለቀለም የጨርቅ ክንፍ ይበራል፤ ክንፉና ሰውየው በቀጫጭን ገመዶች ተያይዘዋል። ክንፉ ካይት፣ ስፖርቱም ስኖውካይቲንግ ይባላል። ሀርዳንገርቪዳ የተባለው ይህ ሰፊ የኖርዌይ አምባ ደግሞ ለስፖርቱ በዓለም ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው።

በበረዶ ላይ በነፋስ መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1888 ግሪንላንድን ሲያቋርጥ ዕቃ በጫነባቸው ተንሸራታቾች ላይ ሸራ ወጥሮ ነበር። የእሱ ሸራ ግን ነፋሱ ወደሚሄድበት የሚገፋ ነበር። የዛሬው ካይት ክንፍ ነው። አየር ከላዩና ከታቹ ሲያልፍ ወደ ላይና ወደ ፊት ይስበዋል፤ እየበረረ ሲሄድ ደግሞ የራሱ ፍጥነት በነፋሱ ላይ ስለሚደመር ከቆመበት ጊዜ ይልቅ አብዝቶ ይጎትታል። ሰውየው የስኪውን ጠርዝ በረዶው ውስጥ ሲተክል ነፋሱ ወደሚሄድበት መንሸራተቱ ይገታና ጉልበቱ ወደ ጎን ይዞራል። በዚህ ዘዴ ነፋሱን አቋርጦ፣ ሲለማመድም እየተጠማዘዘ ወደ ነፋሱ መምጫ ሊጓዝ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር ብቻ በቃል የሚያዝ ቢሆን እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን የካይቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 5 ሜትር የነበረው ነፋስ 7 ሜትር ቢደርስ ፊት ላይ ብዙም ለውጥ አይሰማ ይሆናል፤ ገመዱ ላይ ግን ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው።

የካይቱ ዓይነት የሚመረጠውም ይህን ጉልበት ለመግራት ነው። ባሕር ላይ የሚታየው ካይት ፊቱ በአየር የተነፋ ቱቦ አለው። ይህን ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ያስመዘገቡት ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው። የተነፋው ቱቦ ካይቱ ውሃ ላይ ሲወድቅ እንዳይሰጥም ያደርገዋል። በረዶ ላይ ግን መስጠም የለም። ፓምፕ ተሸክሞ ተራራ መውጣትና በብርድ በደነዘዘ ጣት ቱቦ መንፋት ትርፍ ድካም ነው።

ስለዚህ በረዶ ላይ የሚመረጠው ቱቦ የሌለው ካይት ነው። መነሻው አሜሪካዊው ዶሚና ጃልበርት በ1960ዎቹ የፈጠረው ክንፍ ሲሆን የዛሬው ፓራግላይደርም ከዚያው የወጣ ነው። ሁለት ጨርቆች በመሐላቸው እየተከፋፈሉ ይሰፋሉ፤ ነፋሱ ከፊት ባሉት ክፍት አፎች ይገባና ክንፉን ይሞላዋል። ሰውየው የኋላ ገመዶቹን ሲስብ ክንፉ መብረሩን ትቶ በረዶው ላይ ይተኛል። አፎቹ በመክደኛ የሚዘጉለት ዓይነትም አለ። እርሱ ቢወድቅም አየሩን ይዞ ስለሚቆይ ክረምት ከበጋ፣ በረዶም ውሃም ላይ ያገለግላል፤ ጠቅልሎ ለመክተት ግን አየሩን ማስወጣት ይጠይቃል። ሦስተኛው አንድ ንብርብር ጨርቅ ብቻ ያለው ነው። በጣም ቀላል ነው፣ በደካማ ነፋስ ይነሳል፣ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ሩቅ ተጉዞ መመለስ ለሚፈልግ ሰው እኔ ይህንን ወይም አፈ ክፍቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ነፋሱ ጸባዩን ሲቀይር ቶሎ አውርዶ መጠቅለል ከሁሉ ይበልጣል።

መጠኑም ከቦታው ጋር ይሄዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ያለ አየር ከዜሮ በላይ 20 ዲግሪ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይከብዳል፣ ስለዚህ በዚያው ነፋስ አብዝቶ ይጎትታል። ከፍታ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስካይላይን ድራይቭ በተባለው ሸንተረር፣ ወደ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ እዚያ ተለቅ ያለ ካይት ይያዛል። ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን ረጅም መንደርደሪያ የሚፈልገውም በዚሁ የአየር መሳሳት ነው።

ጀማሪው ገንዘቡንና ሐሳቡን በካይቱ ላይ ይጨርሳል። ሰውን ሊገድል የሚችለው ግን የቦታ ምርጫም ነው፤ የዚህ ስፖርት ክፉ ጠባይም እዚህ ላይ ነው። የሚያጫውተው ነፋስና የበረዶ ናዳን የሚያዘጋጀው ነፋስ አንድ ነው። ነፋስ በረዶውን ከሚመታው ወገን ጠርጎ ከጀርባው ባለው ተዳፋት ላይ ይከምረዋል፤ ከሰማይ ከሚወርደው አሥር እጥፍ በሚደርስ ፍጥነት ሊከምረው ይችላል። እንዲህ የተጠቀጠቀው በረዶ ወፍራም ንጣፍ ይሆናል። ከሥሩ ያለው የቆየ በረዶ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ካልተያያዘ፣ ንጣፉ ጤፍ በተበተነበት ወለል ላይ እንደተቀመጠ ሳንቃ ነው። የአንድ ሰው ክብደት ሊያስነሳው ይበቃል።

በእግሩ የሚወጣ ስኪተኛ ቀስ ስለሚል በረዶውን እየመረመረ ይሄዳል፤ ስንጥቅ ያያል፣ ከሥሩ «ዉምፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ካይት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ዳገቱ ሥር ያደርሳል፣ የጨርቁና የነፋሱ ድምፅም ጆሮን ይሞላል። ስለዚህ ምርመራው ከቤት ይጀምራል። በኖርዌይ ቫርሶም የተባለው አገልግሎት፣ በዩታም የግዛቱ የናዳ ማዕከል ከ1 እስከ 5 የሚለካ የአደጋ ደረጃ ያወጣሉ። ደረጃውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ቀናት የነፋስ አቅጣጫ ማየት ይገባል። ከምዕራብ ከነፈሰ በምሥራቅ በኩል ያሉት ተዳፋቶች ተጭነዋል ማለት ነው።

ከዚያ ካርታ ይዘረጋል። ንጣፍ ሆኖ የሚወርደው ናዳ በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ቦታ ይነሳል። 20 ሜትር ልዩነት በሚያሳዩ መስመሮች በተሠራ የ1፡50,000 ካርታ ላይ፣ መስመሮቹ ከ0.7 ሚሊ ሜትር በታች ከተቀራረቡ ቦታው ከ30 ዲግሪ አልፏል። ከሥር ባለው ሜዳ ላይ መሆንም አያድንም፤ ደካማው ንብርብር እስከ ታች ከተያያዘ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ከላይ ያለውን ሊያስነሳ ይችላል። ቀጥ ካለው ተዳፋት ግርጌ የተዳፋቱን ከፍታ ሦስት እጥፍ መራቅ ጥሩ መነሻ ነው። በናዳ ለተቀበረ ሰው ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ናቸው፤ ስለዚህ ምልክት አስተላላፊ፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ይዞ ከባልደረባ ጋር ካልሆነ አይወጣም።

ከናዳው ውጭ ያለውን አደጋ የነፋሱን መንገድ መከተል ራሱ ይነግረናል። ከገደል፣ ከዛፍ ወይም ከቤት በስተጀርባ አየሩ ይታመሳል፤ ካይቱ በአንድ አፍታ ይሞትና በሚቀጥለው ይነጥቃል። ነፋስ በሚመታው ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ ደግሞ አየሩ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ሰውን ከመሬት ሊያነሳ ይችላል። የሚፈለገው ነፋስ ከሩቅ፣ ምንም ሳያደናቅፈው፣ የመጣ ነው። የሀርዳንገርቪዳ ለስላሳ ኮረብቶች ክብርም ከዚህ የመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ግን ወሬ የለም፣ ሌላ ቦታ ነው።

የቀዘቀዘ ሐይቅ ለጀማሪ የተመቸ ሜዳ ነው፤ ሚኒሶታ ያሉ ወገኖቻችን ሚል ላክስ ሐይቅን ያውቁታል። ለአንድ እግረኛ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ጠንካራ ግግር ያስፈልጋል፤ ነጣ ያለው ግግር ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው። ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል ይሳሳል። በኖርዌይ ለኤሌክትሪክ ኃይል በተገደቡት ሐይቆች ደግሞ ውሃው ከሥር ሲቀንስ ዳሩ ላይ ያለው ግግር ይሰባበራል።

ካይቱን ከማንሳት በፊት፣ ሰውየውን ከካይቱ ጉልበት በቅጽበት የሚያላቅቀውን የፈጣን መፍቻ መያዣ በጓንት እጅ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ደጋግሞ መሳብ ልማድ መሆን አለበት። ሀርዳንገርቪዳ ላይ የዱር አጋዘን መንጋ ሲታይ ካይቱ ወዲያው ይወርዳል፤ በክረምቱ ማብቂያ ስባቸው አልቋልና ሩጫው ያደክማቸዋል። በጥሩ ነፋስ በአንድ ሰዓት የተሄደውን መንገድ ነፋሱ ቢቆም ለመመለስ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ ከስኪው ሥር የሚለጠፈው ዳገት መውጫ ቆዳ፣ ካርታ፣ የራስ መብራትና ምግብ ቦርሳው ውስጥ ይገባሉ።