ቅርብ ሆኖ የራቀ ቤት፦ ኬንያ የቀሩት የደቡብ ልጆች ለምን አይመለሱም?

ከሐዋሳ ተነስቶ በዲላ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በማርሳቢት በረሃ በኩል ያለው የኬንያ መንገድ በአንድ ወቅት ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ አቧራ እየቃሙ ቀናት የሚጓዙበት ነበር። አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ግን ከድንበር የተነሳ አውቶቡስ አዳሩን ተጉዞ ናይሮቢ ይገባል። ጉዳዩ የርቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ካለው ዘመድ ይልቅ ናይሮቢ ያለው ለፍቼ ጫምባላላና ለመስቀል ቤቱ ይገኝ ነበር። የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ኮንትራቷን የጨረሰች እህት ሻንጣዋን ይዛ በቦሌ ትገባለች፤ ኬንያ ያለው ወንድሟ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ እናቱን የሚያያት በስልክ ብቻ ነው።

ስለ ደቡቡ የስደት መስመር ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛው ግን ስለ ሞት ነው። ሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ዶዶማ አቅራቢያ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ከአንድ ኮንቴይነር 64 አስከሬን ወጣ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ታኅሣሥ ላይ ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እነዚህ ቀኖች ሊረሱ አይገባም። ሆኖም በዚሁ መስመር ሄደው ያልሞቱ፣ ደቡብ አፍሪካም ያልደረሱ፣ መሃል ላይ የቀሩ ብዙዎች አሉ። የእነሱ ነገር ዜና አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ስለ እነሱ ነው።

የዛሬውን ለመረዳት ድንበሩን ማወቅ ያስፈልጋል። መስመሩ የተሰመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ኅዳር 1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመ ውል ነው። ነጻ የወጣችው ኬንያ ደግሞ ሰኔ 1962 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራርማ ወሰኑን አጸናች። ለቦረናና ለገብራ አርብቶ አደር ከመስመሩ ወዲያ ያለው ጎሳውና የግጦሽ መሬቱ ነው እንጂ ውጭ አገር አይደለም። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ሞያሌ ከተማ ላይ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን በገደሉ ጊዜ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው በእግሩ ወደ ኬንያ ተሻገረ፤ ሁኔታው ሲረጋጋ ብዙው በመጣበት እግሩ ተመለሰ። ከሐዋሳ፣ ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ ለሄደ ወጣት ግን ያ ድንበር እንዲህ አይታጠፍለትም።

ሁለቱ መንግሥታት ተጣልተው አያውቁም። ኬንያ ነጻ ከወጣች ማግስት ጀምሮ የጋራ መከላከያ ስምምነት አላቸው፤ ናይሮቢ መሃል ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተጠራ ትልቅ ጎዳና አለ። ፓስፖርት የያዘ ሰው ያለ ቪዛ መዘዋወር ይችላል። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል። በሩ ክፍት ይመስላል። ክፍት የሆነው ግን ለእንግዳ ነው፤ ለሠራተኛ አይደለም። ያለ ቪዛ መግባት ያለ ፈቃድ መሥራትን አያካትትም፣ የሚፈቀደው ቆይታም ገደብ አለው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ኢትዮጵያውያን ኬንያ የገቡት በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ምክንያት ነው። ደርግ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ወታደሩ፣ ካድሬውና ተማሪው በሞያሌ ተሻገረ፤ በቀጣዩ ዓመት ካኩማ የስደተኞች ጣቢያ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ናይሮቢ ገቡ። እነዚህ ሸሽተው የሄዱ ናቸው። የደቡቡ ወጣት ሄደት ሌላ መልክ አለው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከሐዲያና ከከምባታ፣ ቀጥሎም ከወላይታና ከሲዳማ የሚነሳው ወጣት ልቡ ጆሃንስበርግ ነው። የአፓርታይድ ሥርዓት ካከተመ በኋላ እዚያ የደረሱ ቀዳሚዎች ሱቅ ከፍተው፣ «ሎኬሽን» በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች በዱቤ እየሸጡ ገንዘብ ላኩ፤ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ተሠራ። ያንን ያየ ጎረቤት ልጁን ላከ። ጉዳዩን በሐዲያ ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ እንደጻፉት ይህ ስደት በድህነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ምክንያቶችም አሉት። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለደላላ የሚከፈለውን ብር ማግኘት የሚችለው በሬ የሚሸጥ፣ መሬት የሚያከራይ ወይም ዋስ የሚጠራ ቤተሰብ ነው። ምንም የሌለው ሰው ሞያሌም አይደርስም።

ሐዋሳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ከተማዋ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ ክልል ለመሆን ከመረጠ በኋላም፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀረው ደቡብ ክልል እስከ ፈረሰበት ጊዜ ድረስ፣ የሁሉም መናኸሪያ ሆና ቆይታለች። ከሆሳዕና የሚነሳው ለቢሮ ጉዳይ፣ ለፓስፖርት፣ ለሕክምና፣ ለባንክ ሐዋሳ ይመጣ ነበር፤ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድም በዚሁ ያልፋል። ከዚያ ላይ ሐዋሳ ራሷ ወጣቱን እንደምትይዝ ተስፋ የተጣለባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ 60 ሺህ ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ በዓለም የልብስ ስፌት ሠራተኞች ዘንድ ዝቅተኛው ነበር። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣ የፓርኩ ትልቅ መነሻ የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ለመውጣት ወስኖ ነበር። በወር 26 ዶላር ቤት ተከራይቶ የሚበላ ሰው ከናይሮቢ የሚላክ ገንዘብ ሲያይ ልቡ ቢሸፍት የሚያስገርም አይደለም።

ሴቶቹ በአብዛኛው በአውሮፕላን ወደ አረብ አገር፣ ወንዶቹ በመሬት ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ይህ የመንገድ ክፍፍል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ማን ተመልሶ ይመጣል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። የአረብ አገሩ ጉዞ ስንት በደል ቢኖርበትም ፓስፖርት፣ ኮንትራትና የመመለሻ ትኬት አለው። የደቡቡ ጉዞ ደላላ ብቻ ነው ያለው። ወጣቱ ሞያሌ ሲደርስ ኬላውን ትቶ በጫካ ይሻገራል፤ መውጫም መግቢያም ማህተም የለውም። ከዚያ ገንዘቡ ያልቅበታል፣ ወይም ደላላው ይክደዋል፣ ወይም ታንዛኒያ ድንበር ላይ ተይዞ ይመለሳል። ለጥቂት ሳምንት ብሎ የገባበት ናይሮቢ ቤቱ ይሆናል።

ኢስሊ የሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናግሮ መኖር ይቻላል። እንጀራ አይጠፋም፣ ቡና ይፈላል፣ እቁብና እድር አለ። ኑሮው ግን የወረቀት ነው። አንዱ «ማንዴት» ይዟል፤ ይኸውም በስደተኝነት የተመዘገበበት ማስረጃ ነው። ሌላው «ፕሮሰስ» ላይ ነው፣ አሜሪካ ወይም ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ለመሄድ ይጠብቃል። ሦስተኛው ምንም የለውም። በኬንያ የኢሚግሬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ የተገኘ ሰው እስከ 500 ሺህ ሺሊንግ ቅጣት ወይም እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። በተግባር ደግሞ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆም ኪስ ይዳሰሳል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ግንቦት 2005 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በኢስሊ ስደተኞች ላይ የደረሰውን ድብደባና ዝርፊያ ዘርዝሯል፤ ከተበደሉት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. በተካሄደው «ኡሳላማ ዎች» የተባለ ዘመቻ ደግሞ ፖሊስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ በተለይም ሶማሌዎችን፣ አፍሶ ካሳራኒ ስታዲየም ውስጥ አጎራቸው።

ታዲያ ለምን አይመለሱም? የሐዋሳ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ መልሱ «ገና አልተሳካለትም» የሚል ነው። እውነቱ ከዚህ ይሰፋል። ማንዴት የያዘ ሰው ወደ አገሩ ደርሶ ቢመለስ የጥገኝነት መብቱን ሊያጣ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. የ1951ዱ ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ወደ አገሩ ጥበቃ በፈቃዱ የተመለሰ ሰው ስደተኛነቱ እንደሚቀር ይደነግጋል። ፕሮሰስ ላይ ያለው ደግሞ በሄደበት ሳምንት ስሙ ቢጠራስ? ዓመታት የጠበቀውን ለአንድ ጉብኝት አይሰጥም። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ ባቆመ ጊዜ ይህ ጥበቃ ለብዙዎች መጨረሻ የሌለው ሆነ። ወረቀት የሌለውም ከኬንያ ለመውጣት ኬላ ላይ ሲቀርብ ያለ ማህተም መግባቱን በራሱ አፍ መናገሩ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይናገራል፤ በኤምባሲ በኩል የመመለሻ ሰነድ ማግኘትም ይቻላል። ያ ሰነድ ግን የአንድ ጊዜ መመለሻ ነው። መጥቶ እናቱን አይቶ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚፈልገውን ሰው አያገለግልም።

ከወረቀቱ የሚከብደው ግን ዕዳው ነው። በሬው ተሽጧል፣ መሬቱ ተይዟል፤ በመንገድ ላይ ታግቶ ከሆነም ዘመድ ሁሉ አዋጥቶ ለአጋቾቹ ልኳል። ባዶ እጁን የሚመለስ ልጅ የሚመለሰው ወደነዚህ ሰዎች ዓይን ነው። ስለዚህ ይቀራል። ቢያገኝ ይልካል፣ ባያገኝ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ቤተሰብ ስልክ ያላነሳውን ልጅ «ረሳን» ይለዋል፤ ልጁ ግን የሚሸሸው ጥያቄውን ነው።

ናፍቆቱ ከሁሉ በላይ የሚበረታው በሞት ጊዜ ነው። አባት ወይም እናት ሲሞት ከሐዋሳ የሚደወለው ለልጁ ሳይሆን ለጓደኞቹ ነው። ጓደኞቹ ተመካክረው፣ ታላቅ የሚሉትን ሰው ይዘው፣ ጠዋት በማለዳ ቤቱ ይሄዳሉ፤ መርዶው እንደ አገር ቤቱ ይነገራል። ድንኳን ባይኖርም ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ እድሩ ምግብ ያመጣል። አፈር ያላለበሰ ልጅ ሐዘን ግን እንዲህ አይወጣም። የአውቶቡስ መንገድ እያለ እናቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው ያለበትን ነገር ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎች ሊያስቡት ይገባል።

መንግሥት ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ በዋናነት ደላላን መቅጣት ነው። አዋጅ 909/2007 ወጣ፣ አዋጅ 1178/2012 ተካው፤ ቅጣቱ ከበደ። ደላላ መቀጣት አለበት፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ሆኖም ቅጣቱ የጉዞውን ዋጋ ያንራል እንጂ የሚሄደውን አያስቀርም፤ ኬንያ ለቀረው ደግሞ ምንም አያደርግለትም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ሕጋዊ ጉዞን በሁለትዮሽ ስምምነት አስሮ ነበር፤ ስምምነቶቹ ግን በዋናነት የተፈረሙት ከአረብ አገሮች ጋር ነው፤ ከሳዑዲ አረቢያ፣ ከኳታር፣ ከዮርዳኖስና ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር። ለአየር መንገዱ ስደት ሕግ ተበጀ፤ የእግሩ መንገድ ለደላላ ተተወ።

ሌላ አማራጭ እንዳለ ማየት አይከብድም። የዩጋንዳና የሩዋንዳ ዜጋ ናይሮቢ ውስጥ ለመሥራት የተሻለ መብት አለው፤ ምክንያቱም ከሰኔ 2002 ዓ.ም. ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጋራ ገበያ ፕሮቶኮል ሠራተኛ እንዲዘዋወር ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ የዚህ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። የቀጠናው የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት የሆነው የኢጋድ አባል ግን ናት፤ ኬንያም እንዲሁ። የኢጋድ ሚኒስትሮች የካቲት 2012 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል ተስማምተዋል። ሰነዱ ለመግባት ብቻ ሳይሆን ለመሥራትና ለመኖርም መብት የሚሰጥ ነው።

በእኔ እምነት የሐዋሳ እናቶች ከመንግሥት ሊጠይቁ የሚገባቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከኬንያ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈርሞ፣ እዚያ ለዓመታት የኖሩት ያለ ቅጣት የሚመዘገቡበት ጊዜ እንዲሰጣቸው፤ ሁለተኛው፣ የኢጋዱ ፕሮቶኮል ከወረቀት አልፎ ሞያሌ ኬላ ላይ እንዲሠራ። ከእናንተ ከቤተሰብ ደግሞ የሚጠበቀው አንድ ነው፦ ልጃችሁ ሲደውል ስንት እንደያዘ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ ጠይቁት፤ ባዶ እጁንም ቢሆን ቤቱ ቤቱ መሆኑን ንገሩት።