አዲስ ጎማ፣ የጎማ ነፋስና የነዳጅ ፍጆታ

ገላጭ ድርሰት መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። ጥያቄ የሌለው ማብራሪያ፣ የሚሄድበትን ሳያውቅ ከቤቱ የወጣን መንገደኛ ይመስላል። ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ የሚነሣው ከአንድ ቀላል መስሎ ከሚታይ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ያረጀውን ጎማ አውልቄ አዲስ ባስገባ፣ መኪናዬ ስለ ምን ነዳጅ መብላት ጀመረ?» የሚል ነው። ጠያቂው አዲስ ነገር ሁሉ ከአሮጌው የተሻለ መሆን አለበት ብሎ ያስባል። በዚህ ጉዳይ ግን አሳቡ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት ነው።

ጥያቄው ዘወትር ከሚነሣባቸው ተሽከርካሪዎች አንዱ በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ በብዛት የሚገኘው ሞተርሆም ነው። ሞተርሆም ማለት በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የታነጸ ቤት ነው። አልጋው፣ ማድ ቤቱ፣ መታጠቢያው፣ የውሃው ታንከር ሁሉ በውስጡ ስለሚገኝ ባለቤቱ ቤቱን ይዞ ከአገር አገር ይዞራል። ከባለቤቶቹ መካከል ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ትልልቁ ሞተርሆም ከ10 እስከ 15 ቶን ይመዝናል፤ በ1 ጋሎን ነዳጅ፣ ማለትም በ3.8 ሊትር ገደማ፣ የሚጓዘውም 8 ማይል ያህል ነው። ይህ ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ በ1 ሊትር 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በተወሰነ የጡረታ ገንዘብ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው፣ ከመቶ አምስት እጅ የነዳጅ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ስድስት ትልልቅ ጎማዎች በአንድ ጊዜ ገዝቶ ሲያበቃ ፍጆታው ጨምሮ ቢያገኘው መገረሙና መናደዱ አያስደንቅም።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ጎማ ሲንከባለል ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ጎማ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ክፍል በመኪናው ክብደት ተጭኖ ይደፈጠጣል፤ ጎማው ሲዞርም ያ ክፍል ከመሬት ተነሥቶ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ በእርሱም ተተክቶ ሌላው ክፍል ይደፈጠጣል። ይህ መጨማደድና መዘርጋት በእያንዳንዱ ዙር ሳያቋርጥ ይፈጸማል። ላስቲክ ደግሞ የተሰጠውን ኃይል በሙሉ የሚመልስ ነገር አይደለም። የላስቲክ ኳስ ከትከሻችን ከፍታ ብንለቀው ነጥሮ ወደ ተነሣበት ከፍታ አይደርስም። የጎደለው ኃይል የት ሄደ? ዋናው ክፍል በላስቲኩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ጎማውም እንዲሁ ነው። ረዥም መንገድ ተጉዞ የቆመ መኪና ጎማው የሚሞቀው ከአስፋልቱ ጋር ስለ ተፋተገ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሙቀት የሚመጣው ከገዛ ራሱ መጨማደድ ነው። ያን ሙቀት የከፈለው ደግሞ ከታንከሩ የወጣው ነዳጅ ነው። በዚህ ምክንያት የሚባክነው ኃይል የመንከባለል ተቃውሞ ይባላል።

ይህን ከያዝን አዲሱ ጎማ ለምን ነዳጅ እንደሚያበዛ መገመት አያስቸግርም። አዲስ ጎማ ጥርሱ ረዥም ነው፤ ስለዚህ በየዙሩ የሚጨማደደው ላስቲክ ብዙ ነው። ጥርሱ እያለቀ በሄደ መጠን የሚጨማደደው ላስቲክ ይቀንሳል፤ የሚባክነውም ኃይል አብሮ ይቀንሳል። አንድ ጎማ ከአዲስነቱ አንሥቶ ጥርሱ እስኪያልቅ ድረስ የመንከባለል ተቃውሞው አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቱ «አሮጌው ይሻል ነበር» ቢል በዚህ በኩል እውነቱን ነው። ነገር ግን ያ ያለቀ ጎማ ነዳጅ የሚቆጥበው፣ በዝናብ ጊዜ ውሃውን ከሥሩ አውጥቶ መንገዱን የሚይዝበትን ጥርስ እያጣ ነው። እዚህ ላይ የነዳጁ ቁጠባና የሕይወት ደኅንነት ተቃራኒ ወገን ይዘው ይቆማሉ፤ የትኛው ሊመረጥ እንደሚገባም ክርክር የሚያስነሣ አይመስለኝም።

ከፍጆታው ጭማሪ ከፊሉ ግን ከናካቴው በነዳጁ ላይ የደረሰ አይደለም፤ በቆጣሪው ላይ የተፈጠረ ነው። ይህን ክፍል በዝግታ ማንበብ ይጠቅማል። የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገዱን አይለካም፤ የሚቆጥረው የተሽከርካሪውን እግር ዙር ነው። ዙሩንም በአንድ የተወሰነ ርዝመት እያባዛ ርቀቱን ያሳያል። አሁን የአዲሱ ጎማ አጋማሽ፣ ማለትም ዲያሜትሩ፣ 1 ሜትር ነው እንበል፤ የትልልቅ ሞተርሆሞች ጎማ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጥርሱም 15 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጎማው አርጅቶ ጥርሱ 5 ሚሊ ሜትር ሲቀር በእያንዳንዱ ወገን 10 ሚሊ ሜትር ስለሚጎድል ዲያሜትሩ 98 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዙሪያውም እንዲሁ በመቶ 2 ያንሳል። ትንሽ ጎማ አንድን መንገድ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት፤ ቆጣሪው ግን ጎማው ማነሱን አያውቅም። ስለዚህ መኪናው በእውነት 980 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሳለ ቆጣሪው 1,000 ይላል።

በዚህ ጉዞ 290 ሊትር ነዳጅ ተቃጥሎ ከሆነ ባለቤቱ 1,000ን ለ290 አካፍሎ «በሊትር 3.45 ኪሎ ሜትር» ብሎ በማስታወሻው ይጽፋል። እውነተኛው ቁጥር ግን 980 ሲካፈል ለ290፣ ማለትም 3.38 ነበር። አዲሱ ጎማ ሲገባ ቆጣሪው እውነቱን መናገር ይጀምራል። ባለቤቱም ፍጆታው የባሰበት ይመስለዋል። እንዲያው በሐቅ ከተናገርን በደሉን የፈጸመው ለዓመታት ሲያሞግሰው የነበረው አሮጌ ጎማ ነው።

ስለ ጥርሱ ይህን ያህል ካልን ወደ ነፋሱ እንሻገር። በቋንቋችን ስለ ጎማ ስንናገር ሁለት ተቀራራቢ ግሦች ተቃራኒ ነገር ይገልጻሉ፦ ጎማው «ተነፋ» ስንል ነፋስ ገባበት ማለታችን ነው፤ «ተነፈሰ» ስንል ግን ነፋሱ ወጣ ማለታችን ነው። ተማሪዎች ድርሰት ሲጽፉ ሁለቱን ቢያምታቱ መኪናውን መንገድ ላይ ያስቀሩታል።

ነፋሱ የጎደለ ጎማ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ክፍል ሰፊ ይሆናል፤ ጎኑም ከልኩ በላይ ይተጣጠፋል። መተጣጠፉ በበዛ መጠን የሚባክነው ኃይል ይበዛል። የአሜሪካ መንግሥት የኃይል መሥሪያ ቤት ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ምክር፣ በቤት መኪኖች ላይ የሁሉም ጎማዎች አማካይ ግፊት በ1 ፒ.ኤስ.አይ. ሲወርድ ነዳጅ በ0.2 በመቶ ገደማ እንደሚባክን ያስረዳል። ፒ.ኤስ.አይ. ማለት በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ ያረፈ የፓውንድ ግፊት ነው። በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 30 እና 35 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን በትልቁ ሞተርሆም ጎማ ውስጥ ያለው 100 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በትልልቆቹ ላይ የአንዷ ፒ.ኤስ.አይ. ድርሻ ያንሳል፤ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ቢጎድል የሚባክነው ነዳጅ ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ያህል ነው።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው አንድ አሳብ ይመጣበታል፤ «እንግዲያውስ ከልኩ በላይ ብነፋውስ?» አሳቡ አደገኛ ነው። ከልኩ በላይ የተነፋ ጎማ መካከሉ አብጦ መሬት የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚሆን፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ቶሎ አይቆምም፤ የጥርሱም መካከል ቀድሞ ያልቃል። ጉድጓድ ሲያገኝም ይጎዳል። ከልኩ በታች የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ሙቀቱ እየበዛ ሄዶ የጎማውን ንጣፎች ያላቅቃቸዋል፤ ጎማውም በፍጥነት ጉዞ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። 12 ቶን የሚመዝን ቤት የፊት ጎማው በአውራ ጎዳና ላይ ሲፈነዳ፣ የቆጠበውን ነዳጅ የሚያስብ አሽከርካሪ የለም።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግፊት ጎማው ትልቁን ጭነቱን ሲሸከም የሚያስፈልገው ነው እንጂ ለእያንዳንዱ መኪና የታዘዘ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ ሞተርሆሙን ውሃውን፣ ነዳጁንና ዕቃውን ሞልቶ፣ ለጉዞ እንደሚነሣ ሆኖ፣ በጭነት መኪና ሚዛን ላይ ማስመዘን ነው። የሚቻል ከሆነ እያንዳንዱ የእግር ወገን ለብቻው ቢመዘን ይመረጣል፤ ማድ ቤቱ በአንድ ወገን ስለሆነ ክብደቱ እኩል አይከፈልምና። ከዚህ በኋላ የጎማው ፋብሪካ ካወጣው ሠንጠረዥ ላይ ለዚያ ክብደት የሚገባው ግፊት ይነበባል። በአንድ አክስል ላይ ያሉ ጎማዎች ግን እኩል መነፋት ስላለባቸው፣ የሚወሰደው ለከባዱ ወገን የተጻፈው ነው።

መለካት ያለበትም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጧት መኪናው ሳይነሣ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህን በፊዚክስ ትምህርት ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ በክረምት፣ የሙቀቱ መጠን 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት በሚኒሶታ፣ ጎማው እስከ 100 ፒ.ኤስ.አይ. ተነፍቶ ቢሆን፣ ያው ጎማ 25 ዲግሪ በሆነበት በአሪዞና ጧት ሲለካ 110 ገደማ ያሳያል። ማንም አልጨመረበትም። በተቃራኒው ከሞቃት አገር ወደ ቀዝቃዛ አገር የሚጓዝ ሰው ጎማው ሳይቀደድ «ነፋስ ጎደለብኝ» ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን በጉዞ መካከል የሞቀውን ጎማ ለክቶ «በዝቷል» በማለት ነፋሱን ማስተንፈስ ነው። ሲበርድ ጎድሎ ያድራል፤ በማግስቱም ከልኩ በታች ሆኖ ይጓዛል።

በኋላ እግሩ ላይ በየወገኑ ሁለት ሁለት ጎማ ለተደረገለት መኪና ሌላም ችግር አለ። የውስጠኛው ጎማ ቫልቭ በቀላሉ ስለማይደረስበት ብዙ ጊዜ ሳይለካ ይቀራል። እርሱ ሲተነፍስ ባልንጀራው ጭነቱን ይሸከምለታል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰውም ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም። በአሜሪካ ከ2007 ጀምሮ (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ የጎማ ግፊት ሲጎድል የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል፤ ግዴታው ግን ከ4,536 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑትን ስለማይጨምር፣ የትልቅ ሞተርሆም ባለቤት መሣሪያውን በራሱ ፈቃድ ካልገዛ በቀር ዐይኑና እጁ ብቻ ይቀሩታል።

በሞተርሆም ጎማ ላይ የሚታይ አንድ ልዩ ጠባይም አለ። ተሽከርካሪው ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚያሳልፍ፣ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ በፀሐይና በአየር ያረጃል፤ ጎኑም ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ጎማው የሚለወጠው በዕድሜው ነው። ዕድሜውን ለማወቅ በጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ማንበብ ይበቃል፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ሲለወጥ የአሮጌውና የአዲሱ የጥርስ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ፣ ከላይ የተመለከትነው የፍጆታ ጭማሪም ትንሽ ይሆናል። ያም ሆኖ ጭማሪው ብዙ ሆኖ ከታየ ምክንያቱን ከጎማው ሌላ መፈለግ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ከፊት ለፊት ነው። ሞተርሆም እንደ ሣጥን የተሠራ ነውና አየሩን የሚገፋው በሰፊ ደረቱ ነው። 12 ቶን የሚመዝን አንድ ሞተርሆም በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በስሌት ብንገምተው፣ ለጎማው መንከባለል የሚውለው ኃይል ከጠቅላላው አንድ አራተኛ ገደማ ነው፤ የቀረው አየርን ለመግፋት ይጠፋል። ስለዚህ የጎማው ተቃውሞ በአንድ አምስተኛ ቢጨምር እንኳ በነዳጁ ላይ የሚታየው 5 በመቶ ያህል ነው። ፍጥነቱን ወደ 90 ዝቅ ያደረገ ሰው ግን መኪናውን ለመግፋት የሚያስፈልገውን ኃይል ወደ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋልና። የጎማውን ነፋስ በየጧቱ በጥንቃቄ እየለካ በ115 የሚጋልብ አሽከርካሪ፣ ሳንቲሙን ቆጥሮ ብሩን እንደሚበትን ሰው ነው።

አዲሱ ጎማ በእርግጥ ምን ያህል ነዳጅ እንዳበዛ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቆጣሪውን አስቀድሞ መፈተን አለበት። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል። አሽከርካሪው በአሮጌው ጎማ ሳለ ከአንዱ ምልክት ተነሥቶ 100 ማይል ይጓዝና ቆጣሪው ስንት እንዳሳየ ይጽፋል፤ 102 ካለ፣ ከእንግዲህ በዚያ ጎማ የተመዘገበውን ርቀት ሁሉ ለ1.02 ያካፍላል። አዲሱ ከገባ በኋላም ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በተመሳሳይ የአየር ጠባይ ይደግመዋል። ነዳጁንም በሁለቱም ጊዜ ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ ቀጂ ማሽን፣ እስከ አንድ ልክ ይሞላል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ልዩነት የጎማው ነው።