ከ«ፋቡላ» እስከ ወጋጎዳ፤ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ የተሰወረ ፖለቲካ

ለሕፃናት የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ከመንግሥት ነገር የራቀና ንጹሕ ይመስለናል፤ ነገር ግን ፈረንሳዊው ባለቅኔ ላ ፎንቴን በ1668 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን የአራዊት ተረቶቹን ገና ስድስት ዓመቱ ለነበረው ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ አልጋ ወራሽ በገጸ በረከትነት ሲያቀርብ፣ ታላላቆቹ አንባብያን በአንበሳው ግርማ ውስጥ ንጉሣቸውን፣ በቀበሮውም ሽንገላ ውስጥ ባለሟሎቹን ማየታቸው አልቀረም።

ይህ ተረት ወደ እኛ አገር መድረክ ሲሻገር የደረሰበት ነገር ከዚያ የባሰ ነበር። በሩስያ የተማሩትና በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተሰኘውን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን ድርሰት በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ ቢያሳዩ፣ የአራዊቱን ጠባይ ከሹማምንቱ ጠባይ ጋር ለማስተያየት የተቸገረ አልነበረም፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ዘመን ተውኔቱ ታገደ።

እኔ እንደማምነው ግን ከተረቱ ይልቅ ወደ ልቡና ጠልቆ የሚገባው፣ ልጅ ሁሉ የግድ የሚገልጠው የአንደኛ ክፍል ማንበቢያ ነው፤ ተረት የሰማ ሰው አንበሳው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃልና፣ ፊደል የሚቈጥር ሕፃን ግን ፊደሉንና ቃሉን ማን እንደ መረጠለት ለመጠየቅ ዕድሜው አይፈቅድለትም።

ለዚህ ነገር ከወላይታ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ባደረገ ጊዜ፣ ከሶዶና ከቦዲቲ እስከ አረካና እስከ ዱቦ ድረስ ያለው ሕዝብ የገዛ ቋንቋውን በግእዝ ፊደል ለማንበብ ሲታደል፣ ከፊደሉ ጋር ስለ ገበሬ ማኅበርና ስለ አብዮቱ የተሰናዳውንም ስብከት አብሮ ይቀበል ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ፊደሉ ወደ ላቲን ቢለወጥም፣ ልጁ ከእናቱ አፍ የሰማውን ቃል በመጽሐፉ ማግኘቱ አልተቋረጠም።

የተቋረጠው፣ ወላይታ ያኔ የነበረበት የሰሜን ኦሞ ዞን ሹማምንት የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ንግግር አዋሕደው፣ ከአራቱ ስሞች መነሻ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ የጽሕፈት ቋንቋ በማሰናዳት የልጆቹን መማሪያ በእርሱ ባሳተሙ ጊዜ ነው። አራቱ ንግግሮች በእርግጥ የተቀራረቡ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ ለአራቱ ማዳረስም ወጪን ያቃልላል ይባል ነበር። ይሁን እንጂ በገጹ ላይ አንዲት የፖለቲካ ቃል ባትጻፍበት እንኳ፣ ቋንቋው ራሱ «ወላይታ ለብቻው የሚቆም ሕዝብ አይደለም» የሚል መልእክት ተሸክሞ መምጣቱን መምህሩም ተማሪውም ወዲያው ተረዱት። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፤ ብዙዎች ታሰሩ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ጎረቤታሞችን ለማቀራረብ መታሰቡን በክፋት አልመለከተውም፤ እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን ታላላቆቹ በሸንጎ ተከራክረው ሊጨርሱት የሚገባው ነገር፣ ወላጅ ሳይጠየቅ በሰባት ዓመት ልጅ አንደበት እንዲፈጸም መፈለጉ ነው።

ሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከእነዚያ የወጋጎዳ መጻሕፍት በመምህራን ቤትና በትምህርት ቤት ጓዳ የተረፈ ቅጂ ቢገኝ፣ ምስጥ ሳይጨርሰው በቤተ መጻሕፍቱ ከዘመቻው ማንበቢያና ከዛሬው መማሪያ አጠገብ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ተማሪዎቹም ሦስቱን ጐን ለጐን ገልጠው፣ የማን ስም እንደ ተጠራ፣ የየትኛው መንደር ቃል ተመርጦ የየትኛው እንደ ተተወ ገጽ በገጽ ይመርምሩት።