ረሃብና ብርድ፦ የቢቸናና የሞጣ ደገኛ ሌሊቱን በጥቂት ማገዶ ስለሚያሳልፍበት ዘዴ

ድርቅና ረሃብ በሚወሳበት ጊዜ ሁሉ በቅድሚያ የሚታሰበው እህል ነው። ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያም መድኃኒት ይጠየቃል። ብርድ ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር በሥራ ዕቅድ ውስጥ ስሙ አይነሣም። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ ተሰብስቦ ከነበረው ረሃብተኛ ሕዝብ መካከል የብዙዎች ሕይወት ያለፈው በሌሊት ሲሆን፣ ረሃቡ ያደከመውን ሰው የሚጨርሰው የሜዳው ቁር ነበር። ኮረም የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙት የቢቸናና የሞጣ ከተሞችም ከፍታቸው ከዚሁ እምብዛም አይለይም። ከእነርሱ በላይ ያለው የጮቄ ተራራ ደግሞ 4,000 ሜትር ያልፋል። በየሺህ ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጅብራ በሚበቅልበት ውርጫማ ወገን ያለው ገበሬና ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ የሚኖረው ገበሬ የሚያሳልፉት ሌሊት አንድ ዓይነት አይደለም።

የደገኛው ዋና ማሞቂያ እሳት ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እሳቱ የሚነደው እራት እስኪበስል ነው። ከዚያ በኋላ ፍሙ በአመድ ተዳፍኖ ለማግስቱ ይቆያል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያሞቀው የሰዉና የከብቱ ገላ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ተኝቶ ሳለ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት ከአንድ የመቶ ሻማ አምፑል ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ የአንዲት ላም ሙቀት ደግሞ የዚህ በርካታ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከብቶቹን ሌሊት ከቤት አግብቶ በጋጥ ማሰር ከሌባና ከጅብ ለመጠበቅ ብቻ የተደረገ አይደለም። ከከብት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ለቁንጫና ለበሽታ እንደሚያጋልጥ የጤና ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከብቱ ይውጣ በተባለበት ቤት የሚጎድለው ሙቀት በምን እንደሚተካ አብሮ መታሰብ አለበት።

ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑም ወፍራም ሣር ሲሆን በጭዱና በሣሩ መካከል የሚታመቀው አየር ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። በሩ ጠባብ ነው፤ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ የለም። ቆርቆሮ ክዳን ከተስፋፋ ወዲህ ቤቱ ከእሳት አደጋ ዳነ፣ በየጊዜውም ሣር መፈለግ ቀረ። ሆኖም በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ጊዜ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የቤቱም እርጥበት ከታቹ ጤዛ ሆኖ በተኛው ሰው ላይ ይንጠባጠባል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከአቡጀዲ ወይም ከተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ መወጠርና በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ መምረግ ይበቃል። ጭሱ መውጫ እንዳያጣ ግን ከምድጃው በላይ ያለው ክፍተት አይደፈንም።

ስለ መኝታ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ዕርዳታ አቅራቢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነውና። ደገኛው መጀመሪያ የሚያስበው ስለሚለብሰው ሳይሆን ስለሚያነጥፈው ነው። ከመደቡ ላይ ጭድ ወይም ሣር ይጎዘጉዛል፤ በዚያ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ ያነጥፋል፤ ከዚያ በኋላ ጋቢውን ይከናነባል። መሬት ከአየር ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ ይስባል። በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀ ብርድ ልብስም አየር ስለማይይዝ ከሥር የሚመጣውን ቅዝቃዜ አይከላከልም። በመሆኑም በባዶ መሬት ላይ ለተኛ ቤተሰብ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመጨመር ይልቅ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ጭድና ከሥሩ የሚዘረጋ ላስቲክ መስጠት የበለጠ ይጠቅማል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ጋቢ አራት ድርብ የሆነውም በየድርቡ መካከል አየር እንዲይዝ ነው። ጥጥ ከረጠበ ግን ሙቀት መያዙን ይተዋል። ሱፍ ርሶም ቢሆን ጥቂት ያሞቃል፤ ለክረምት ዝናብና ጉም በርኖስና ባና ከጋቢ የሚመረጡት ስለዚህ ነው።

የተፈናቀለው ሕዝብ ከቆላ ወደ ደጋ በሚመጣበት ጊዜ ችግሩ ይብሳል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የገባው ሕዝብ የተጠለለው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ነው። ለሞቃት አገር የተሰናዳ ቀጭን ልብስና በሸራ የተሠራ መጠለያ ለእንዲህ ያለው ስፍራ አይበቃም። ድንኳን በሚተከልበት ጊዜ በሩ ከነፋስ እንዲዞር፣ ዙሪያውም የውሃ መውረጃ ቦይ እንዲቆፈር ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ሰውነት ሙቀት የሚያመነጨው ከምግብ ነው። ምግብ ያጣ ሕፃን ስብና ጡንቻው ስላለቀ ሙቀት ማመንጨትም ሆነ ያለውን መያዝ አይችልም። የብብቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ለሞት የሚያሰጋ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መመገብ፣ ራሱን መሸፈን፣ ልብሱን አውልቆ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማድረግና ሁለቱን በአንድ ጋቢ መጠቅለል ያስፈልጋል። ለዚህ ማገዶ አያሻም። ለብርድ ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ግን፣ ምንም እንኳ ጠጪው ሞቀኝ ቢልም፣ ደሙን ወደ ቆዳው እየሳበ ሙቀቱን ያባክንበታል።

ማገዶን በሚመለከት፣ እንጨት ባነሰበት አካባቢ ኩበት ይነዳል። ኩበት በነደደ ቁጥር ማሳው ፍግ ያጣል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ከሁሉ የከፋው ከምድጃ የወጣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ወይም በድንኳን ውስጥ ማሳደር ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታም ሆነ ጢስ ስለሌለው የተኛው ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ብርድ ልብስ በሚታደልበት ዕለት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በቃል ሊነገር ይገባል።

በብርድ ወራት ሰው ተጨናንቆ ስለሚያድርና ልብሱን ስለማያወልቅ ቅማል ይራባል፤ ቅማል ደግሞ ተስቦንና ግርሻን ያዛምታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ብርድ ልብስና ጋቢ አስቀድሞ በፈላ ውሃ መቀቀል ይኖርበታል። ብርድ ልብሱም በመጋዘን ቆይቶ በየካቲት ከሚታደል፣ ጥቅምት ሳይወጣ ከሕዝቡ እጅ ቢገባ ውርጩን ይቀድማል።