ሠራተኛው ሲሰናበት የገዛነው ጨዋታ ምን ይሆናል?

ሰንበት ወጥቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሳሎን ተሰብስበን ነበር። የወንድማችን ልጅ ኮምፒዩተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና አያቱን ከፊት አስቀመጣቸው። ሊያሳያቸው የፈለገው ለባር ሚጽዋው ከተሰጠው ገንዘብ የገዛውን የበረራ ሲሙሌተር ነው፤ አውሮፕላን እያበረሩ የዓለምን ምድር ሁሉ ከላይ የሚያዩበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ማለት ነው። ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣና ከተማውን አልፎ፣ «ሳብታ፣ አሁን ወደ አምቦበር እንሄዳለን፤ ይዩ» አላቸው። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። የሜዳውንና የገደሉን መልክ ለዩት። «በዚህ ቁልቁለት ነበር ውኃ የምንወርደው» አሉ። ይሄኔ ትንሿ ልጅ ከሶፋው ጀርባ ስትጫወት የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለችው። ጥቂት ቆይቶ መንደሩ ደብዝዞ ጠፋ፤ በቦታው የትኛውም አገር ሊሆን የሚችል አረንጓዴ መሬት መጣ።

«አንተ ልጅ፣ አገሩን የት አደረስኸው?» አሉ እናታችን። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ግን የምሩን መለሰ፦ «ሳብታ፣ አገሩ እኔ ጋ አይደለም ያለው። ኩባንያው ጋ ነው።»

«ታዲያ አንተ የገዛኸው ምኑን ነው?»

የእናታችንን ጥያቄ ይዘን ነው ይህን የጻፍነው። ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሠራተኛ በሺህ እየቆጠሩ ሲያሰናብቱ እንሰማለን። ልጆቻችን ደግሞ ከእነዚሁ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ እያወጡ ይገዛሉ። ሁለቱ ነገሮች እንዴት እንደሚገናኙ ወላጅ ቢያውቅ ይጠቀማል።

የምንገዛው ምንድን ነው?

ልጁ የገዛው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሚባለውን ነው። ስሙ አዲስ አይደለም፤ የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በ2020 የወጣው ግን ከቀድሞዎቹ በጣም ይለያል። የሠራው አሶቦ የተባለ በቦርዶ፣ ፈረንሳይ ያለ ድርጅት ነው። የምድሩ ምስል የሚመጣው ከማይክሮሶፍት የሳተላይትና የአየር ፎቶግራፎች ነው። መረጃው ከ2 ፔታባይት በላይ ነው፤ ይህም ከ2 ሚሊዮን ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። አንድ የቤት ኮምፒዩተር 1,000 ጊጋባይት ቢይዝ እንኳ ይህን ሁሉ ለማስቀመጥ 2,000 ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። ስለዚህ ምድሩ በኩባንያው ትልልቅ ኮምፒዩተሮች፣ ሰርቨር በሚባሉት ላይ ይቀመጣል። ልጁ የሚበርበት ቦታ ብቻ በየደቂቃው በኢንተርኔት ይላክለታል።

በ2024 የወጣው ደግሞ ከዚህም ባሰ ሁኔታ በኢንተርኔት ላይ የተደገፈ ነው። የ2020ው ኮምፒዩተሩ ላይ 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቅ ነበር፤ የ2024ቱ የሚጠይቀው 50 ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ያለው ኩባንያው ዘንድ ነው። የ2020ው ኢንተርኔት ሲቋረጥ በደበዘዘ መሬት ላይም ቢሆን ይበርራል፤ አዲሱ ግን ያለ ኢንተርኔት አይሆንም። በኖቬምበር 2024 ገበያ ላይ በዋለበት ቀን ሰርቨሮቹ የሕዝቡን ብዛት መቋቋም አቃታቸው። በ200,000 ሰው ልክ ተፈትነው ነበር፤ ያም አልበቃም። ገንዘብ ከፍለው የተቀመጡ ሰዎች ለሰዓታት መግባት ሳይችሉ ቀሩ፤ ኃላፊዎቹም በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚህ በፊትም ሆኗል

ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2009 እስከ 5,000 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በዚያ ቅነሳ ፍላይት ሲሙሌተርን ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ኤሲስ የተባለው ክፍል ተዘጋ። ሠራተኞቹ ተበተኑ። ጨዋታው ግን አልሞተም። በ2006 የወጣው ቅጂ በዲስክ የተሸጠ፣ በየሰው ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ ስለነበር፣ የሠሩት ሰዎች ከሄዱ በኋላም ሲበርር ኖረ። በ2014 ከሌሎች ጋር አብሮ ለመብረር የሚያገናኘው የሌላ ኩባንያ አገልግሎት ሲዘጋ፣ የቆመው ያ ክፍል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት እንዲያውም ሌላ ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ እንደገና ለገበያ አቀረበው።

በ2012 ኩባንያው ማይክሮሶፍት ፍላይት የተባለ ሌላ ጨዋታ በፌብሩዋሪ አወጣ፤ በጁላይ ሥራውን አቆመ። አምስት ወር ገደማ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። የ2006ቱን የገዛ ሰው ዕቃ ገዛ። የ2024ቱን የገዛ ሰው ደግሞ የገዛው አገልግሎት ነው፤ አገልግሎት ሰው ይፈልጋል፤ መብራት ይፈልጋል፤ በየወሩ ወጪ አለው።

ሰው ሲቀነስ በሩ ወዲያው አይዘጋም

ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2023 10,000 ሠራተኛ፣ በጃንዋሪ 2024 ከጨዋታ ክፍሎቹ 1,900፣ በሜይ 2025 6,000 ያህል፣ በጁላይ 2025 ደግሞ 9,000 ያህል እንደሚያሰናብት አስታውቋል። በጁላዩ ቅነሳ በሥራ ላይ የነበሩ ጨዋታዎች ተሰርዘዋል፤ አንድ የጨዋታ ስቱዲዮም ተዘግቷል። ሲሙሌተሩን የሚሠራው አሶቦ ግን የማይክሮሶፍት ንብረት አይደለም፤ በውል የሚሠራ ነው። የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ሲሰናበት የአሶቦ ሠራተኛ አብሮ አይሰናበትም። ጨዋታው በዴሴምበር 2025 ለፕሌይስቴሽን 5 መውጣቱም ኩባንያው ገና ገንዘብ እያፈሰሰበት መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ «ነገ ይዘጋል» ብሎ ልጅን ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም።

በጤና ጣቢያ የምንሠራ ነርሶች ግን አንድ ነገር እናውቃለን። የሰው ቁጥር ሲቀነስ በሩ በማግስቱ አይዘጋም። መብራቱ ይበራል፤ ወንበሩም አለ። ተራው ግን ይረዝማል፤ ስልክ የሚያነሣ ሰው ይጠፋል፤ የቆየውን ሕመምተኛ ታሪክ የሚያውቀው ሠራተኛ ከሄደ አዲሱ ሁሉን ከመጀመሪያው ይጠይቃል። በሰርቨር ላይ የተደገፈ ጨዋታም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ብልሽት ሲነገራቸው መልስ ይዘገያል። ቀጥሎ ማሻሻያው ይራራቃል። ከዚያ ጨዋታው ከመሸጫው ይነሣል። በመጨረሻ የመዝጊያው ቀን ይነገራል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጨዋታ በዴሴምበር 2023 ከመሸጫ ተነሣ፤ ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውም ሰው ሊጫወተው አልቻለም። በዚህ ተቆጥተው በአውሮፓ ሕግ እንዲወጣ የጠየቁ ሰዎች ፊርማ በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በኢንተርኔት ጨዋታ ወይም ፊልም «ግዙ» እያለ የሚሸጥ ኩባንያ፣ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህን በግልጽ እንዲነግር ሕጉ ያስገድዳል። የእናታችን ጥያቄ የሕግ አውጪዎችም ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት

1. «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?» ብለን ልጁን እንጠይቀው። መልሱ «አይሠራም» ከሆነ፣ የምንከፍለው እንደ ኪራይ መሆኑን አውቀን እንክፈል።

2. ከርካሹ እንጀምር። የ2024ቱ ሲወጣ ዋጋው ከ70 ዶላር እስከ 200 ዶላር ነበር። የዋጋው ልዩነት በዋናነት ተጨማሪ አውሮፕላኖችና አውሮፕላን ማረፊያዎች ናቸው፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። በጨዋታው ውስጥ የሚሸጡ ተጨማሪ አውሮፕላኖችም እንዲሁ ስለሆኑ፣ የክፍያ ካርዳችንን ቁጥር በልጁ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጠን አንተው።

3. ሌላም ምርጫ አለ። ኤክስፕሌን 12 ኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከመግዛት በፊትም በነፃ መሞከር ይቻላል። ፍላይትጊር ደግሞ ጭራሽ ነፃ ነው። መልካቸው እንደ ማይክሮሶፍቱ ላያምር ይችላል። አብራሪነትን መማር ለሚፈልግ ልጅ ግን ስለ መሪው፣ ስለ ነፋሱና ስለ ማረፊያው ብዙ ያስተምራሉ።

4. መመለስ ከፈለግን እንፍጠን። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ከ5 ዓመት ያልበለጣቸው ዖሊም ሐዳሺም፣ ከሻጩ ጋር ንግግር አድርገው ከሆነ እስከ 4 ወር ጊዜ አላቸው። ይህ ግን ለኮምፒዩተሩና ጆይስቲክ ለሚባለው የእጅ መሪ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ራሱ ከዚህ መብት ውጪ ሊሆን ይችላል። ለጨዋታው የመሸጫውን ደንብ ማየት አለብን፤ ስቲም የተባለው መሸጫ ለምሳሌ የሚመልሰው ከተገዛ 14 ቀን ካልሞላውና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱት ነው።

5. ትልቁን ገንዘብ ለሚቀረው ዕቃ እናውለው። ጥሩ ኮምፒዩተርና ጆይስቲክ አንዱ ጨዋታ ቢዘጋ በሌላው ይሠራሉ። ለትምህርት ቤትም ኮምፒዩተሩ ያስፈልጋል።

ሥራውን ያጣውም ልጃችን ነው

በሃይቴክ የሚሠሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ብዙ ናችሁ። ፒቱሪም ሲመጣ ልጁ አፍሮ ዝም ሊል ይችላል። እንዲህ በሉት፦ አሠሪው ከማሰናበቱ በፊት ሺሙዓ ሊያደርግለት፣ ማለትም ጠርቶ ሊያዳምጠው ይገባል። አንድ ዓመት የሠራ ሰው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያና ፒጹዪም መብቱ ነው፤ ፒጹዪሙም በየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ነው። ሥራው ባበቃ ቀን ሳይዘገይ በሊሽካት ታዓሱካ ይመዝገብ። ከሥራ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት 18 ወራት ውስጥ 12 ወር የሠራ ከሆነ ከቢቱዋሕ ለኡሚ የሥራ አጥ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ሳይነበብ የሚፈረም ወረቀት አይኑር።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። በሚቀጥለው ሰንበት ማታ እናታችን ራሳቸው «ያን አገር አምጣልኝ» አሉ። ልጁም በዚህ ጊዜ ብልሃት አገኘ። ከጎንደር አምቦበር ያለውን በረራ በቪዲዮ ቀድቶ በእናታችን ስልክ ላይ አስቀመጠላቸው። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ሰርቨሩ ቢዘጋ፣ ሠራተኛው ቢሰናበት፣ ትንሿ ልጅ ገመዱን ብትነቅለው፣ ያ ቪዲዮ አይጠፋም። እናታችን ሰኞ ለጎረቤታቸው ሲያሳዩ ሰማናቸው፦ «ይህኛው የራሴ ነው» አሉ።