«ነጻ መብራት ከገለባ»? ስለ ጋሲፋየር ብር ከማውጣታችሁ በፊት

በቅርቡ እናቴ ሃያ ኪሎ በቆሎ አሸክማ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ጌጫ ላይ መብራት ሲጠፋ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ወይ የናፍጣ ወፍጮ ጋ ሄዶ ወረፋ መያዝ። (ቆጮ ወፍጮ አይፈልግም፣ ለዚህ ለዚህ እንሰት ይባረክ። በቆሎ ግን ሳይፈጭ አይበላ።) ባለወፍጮው ጋሼ ገና ከበር አይተውኝ «ልጄ፣ ናፍጣ የለም፤ ነገ ማታ ብቅ በል» አሉኝ።

አጠገቤ የቆመ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። በርሜል የሚመስል ነገር ውስጥ የቡና ገለባ ይጨመራል፣ በጎን በኩል ቱቦ ይወጣል፣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ አምፖል ይበራል። ከሥሩ «ነጻ መብራት ከገለባ» ተብሎ ተጽፏል። «ይሄ ነገር እውነት ነው ግን?» አለኝ።

እውነት ነው። ችግሯ «ነጻ» የምትለዋ ቃል ላይ ነች። ነገሩን በደንብ ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም እኛ አካባቢ ገለባም አለ፣ ናፍጣም ውድ ነው፣ ይሄን ማሽን እናስገባ የሚል ወጣትም እየበዛ ነው።

ማሽኑ ጋሲፋየር ይባላል። አሠራሩን ለመረዳት መብራት ሲጠፋ የምታበሩትን ሻማ ተጠቀሙ። ሻማውን እፍ ብላችሁ አጥፉት፤ ነጭ ጭስ ሽው ብሎ ይወጣል። ክብሪት ጫሩና ሻማውን ሳትነኩ ጭሱ ላይ ብቻ አስጠጉ። እሳቱ በጭሱ ላይ ዘሎ ሻማው ላይ ይያዛል። ያ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው ማለት ነው። እንጨትም እንደዚያው ነው። ምድጃ ውስጥ የምታዩት ነበልባል በአብዛኛው እንጨቱ ሳይሆን እንጨቱ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ሲነድ ነው። ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች እንጨቱን በአፈር ደፍነው ሲያጨሱት ሰማይ ላይ የሚበተነው ጭስ ውስጥም ብዙ ጉልበት አለ፤ ማንም ሳይጠቀምበት ይሄዳል።

ጋሲፋየር የሚያደርገው ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እንጨቱ ወይም ገለባው ለመንደድ የማይበቃ፣ ለመጋል ግን የሚበቃ ትንሽ አየር ያገኛል። ውስጡ እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይግላል። የሚወጣው ጋዝ በፍም መሐል እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይጣራል፣ በቱቦ ወደ ሞተር ይገባል። ከጋዙ አንድ አምስተኛ ገደማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሃይድሮጂን አለበት፣ ትንሽ ሚቴንም አለበት። ግማሽ ያህሉ ግን ከአየር ጋር የገባ፣ የማይነድ ናይትሮጂን ነው። ስለዚህ ደካማ ጋዝ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ሞልታችሁ እንደ ቡታ ጋዝ የምትሸጡት ዓይነት አይደለም፤ እዚያው ተሠርቶ እዚያው ማለቅ አለበት።

ካርቦን ሞኖክሳይድን በስሙ ባታውቁት በሥራው ታውቁታላችሁ። ከሰል አቀጣጥለው በርና መስኮት ዘግተው ያደሩ ሰዎች ሞተው ተገኙ ሲባል የገደላቸው እሱ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ጋሲፋየር ደግሞ ይሄንን ጋዝ ሆን ብሎ የሚያመርት ማሽን ነው። ቪዲዮው ላይ ሰውየው ማሽኑን ቤት ውስጥ አቁሞት ሳይ ደንግጫለሁ። ቦታው ወይ ውጭ፣ ወይ አየር እንደልቡ የሚተላለፍበት ክፍት ዳስ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ቤንዚን ሲጠፋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች በእንጨት ጋዝ ይሄዱ ነበር። አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ ትራክተር፣ ሁሉም ጀርባው ላይ ምድጃ ተሸክሞ። ጦርነቱ አልቆ ቤንዚን ሲመለስ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተወው። ለምን? ሾፌሩ ጠዋት ምድጃ ለኩሶ መጠበቅ፣ አመድ መጥረግ፣ ፊልተር ማጠብ ነበረበት። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ ዘመን በጣም የታወቀው ሙከራ የህንዱ ነው። ቢሃር በሚባለው ክልል ታምኩሃ የምትባል መብራት ያልደረሰባት መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቂት ወጣቶች በሩዝ ገለባ የሚሠራ ጋሲፋየር ተክለው መንደሯን አበሩ። ድርጅታቸው ሐስክ ፓወር ሲስተምስ ይባላል። አካባቢው የሩዝ አገር ስለሆነ የወፍጮዎቹ ገለባ ክምር ሆኖ ይጣል ነበር። አንዱ ማሽን 30 ኪሎ ዋት ገደማ ያመነጫል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ያህል ገለባ ይበላል፤ ማታ ማታ ለጥቂት መቶ ቤቶች መብራት ይሰጣል። መስመሩን በቀርከሃ እንጨት ላይ ነበር የሚዘረጉት፤ ወጪ ለመቀነስ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ መንደሮች ገቡ፤ ዓለም ሁሉ ስለ እነሱ አወራ።

ከዚያስ? ይሄኛውን ክፍል ቪዲዮዎቹ አይነግሯችሁም። የሶላር ዋጋ በአሥር ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ገደማ ወረደ። ሐስክ ፓወርም መጀመሪያ ሶላርን ከገለባው ጋር አጣመረ፤ ቆይቶ ደግሞ ዋናው ሥራው ሶላር ሆነ። አምፖልና ስልክ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ የማይንቀሳቀስና ጭስ የሌለው ፓነል ገለባ የሚበላውን በርሜል አሸነፈው።

ወደ እኛ እንምጣ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኢትዮጵያ ሁለተኛው የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 ሁሉም ሰው መብራት ያገኛል፣ ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ ይሆናል ይል ነበር። 2025 አለፈ። ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ደስ ብሎናል። ግን ከግድብ እስከ ወፍጮ ቤት ያለውን መንገድ የሚወስነው የግድቡ መጠን ሳይሆን ምሰሶው፣ ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ነው። በገጠር ቀበሌዎቻችን ምሰሶ ያላዩ ብዙ ናቸው፤ ምሰሶ ያለን ደግሞ በዝናብና በነፋስ ሰበብ ሻማ ከቤታችን አይጠፋም።

ስለዚህ ለእኛ ትርጉም ያለው ጥያቄ «ጋሲፋየር አምፖል ያበራል ወይ» አይደለም። «ወፍጮ ያዞራል ወይ» ነው። ለዚህ የኔ መልስ፦ አዎ፣ ሁኔታው ከተሟላ።

ቁጥር እንሥራ። የአንድ የገጠር ናፍጣ ወፍጮ ሞተር 10 ኪሎ ዋት ነው እንበል፤ በቀን አምስት ሰዓት ይሠራል። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ትንሽ ሞተር ላይ ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ በቀን ወደ 17 ሊትር። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ ስለሌለው በጋዝ ብቻ አይነሳም፤ ትንሽ ናፍጣ ሁልጊዜ ይፈልጋል። ጋዙን ከአየሩ ጋር አቀላቅላችሁ ስታስገቡለት ግን ማሽኑ በደንብ ከተያዘ ከናፍጣው 70 በመቶ ገደማ ማዳን ይቻላል። በቀን 12 ሊትር ማለት ነው። የዛሬውን የናፍጣ ዋጋ፣ ጥቁር ገበያውን ጨምራችሁ፣ በ12 አባዙት። እኔ አባዝቼው ለምን ሰዎች እንደጓጉ ገብቶኛል። ጥሩ ጎኑ ደግሞ ጋሲፋየሩ ቢበላሽ ወፍጮው አይቆምም፤ ወደ ናፍጣው ይመለሳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ማገዶ በቀን 50 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እስከ 1.5 ኪሎ ደረቅ ነገር ስለሚበላ። ጀንፈል ሲፈለፈል የክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ 100 ኩንታል ንጹሕ ቡና ያወጣ መፈልፈያ ግቢው ውስጥ ወደ 100 ኩንታል ገለባ ይቀርለታል። ለአንድ ወፍጮ 200 ቀን ይበቃል። ቴፒና ሚዛን መንገድ ላይ የምታዩት፣ ዝናብ ሲመታው የሚሸተው፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ የሚቃጠለው ክምር ይሄ ነው።

ወረቀት ላይ እንዲህ ያምራል። አሁን ወደ ጭቃው እንግባ።

አንደኛ፣ ጌጫ የቡና ቆላ አይደለችም። ገለባው የሚገኘው ወደ የኪ ወርዳችሁ ነው፤ እዚህ ደጋው ላይ እንሰት፣ ማርና ቀርከሃ ነው ያለን። ገለባ ቀላል ነው፤ መኪና ሞልታችሁ ብትጭኑት የምታመጡት ኪሎ ትንሽ ነው። ያተረፋችሁትን ናፍጣ መኪናው ይጠጣዋል። ማሽኑ ገለባው ያለበት መሄድ አለበት እንጂ ገለባው ወደ ማሽኑ አይመጣም። እኛ ጋ የሚሻለው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ደረቅ ከሆነ ጠጣር ስለሆነ በማሽኑ ውስጥ በደንብ ይወርዳል፤ ደግሞም እዚያው ወፍጮ የሚመጣው ገበሬ ቤት ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ዝናብ። ማገዶው እርጥበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ በታች ካልሆነ ጋዙ ይዳከማል፤ ሬንጅ ይበዛል። ማሻ አካባቢ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘንባል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የሚሠራው ቆርቆሮ የለበሰ መጋዘን ነው። ይሄን ወጪ የሚቆጥር ሰው አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ሬንጁ ራሱ። ሲቀዘቅዝ ጥቁር ማር ሆኖ ቱቦና ቫልቭ ይይዛል። የጋሲፋየር መቃብር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎበዝ ዲዛይን ጋዙን በፍም ውስጥ አሳልፎ አብዛኛውን ይሰብረዋል፤ የቀረውን ፊልተር ይይዘዋል፤ ፊልተሩን ግን ሰው ማጽዳት አለበት፣ በየጊዜው። የአውሮፓ ሾፌሮች ያመረራቸው ይሄ ነው። የቡና ገለባ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ ፖታሲየም ስለሚበዛበት አመዱ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ ድንጋይ ይሆናል፣ መውረጃውን ይዘጋል። ቀላልም ስለሆነ ታምቆ እንደ ጡብ ካልተሠራ በስተቀር በእኩል አይወርድም። መጭመቂያ ማሽን ሌላ ብር ነው።

አራተኛው ሥራ መኖሩ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ሙዚዚ የሚባል የሻይ እርሻ ከህንድ ያስመጣውን ጋሲፋየር በራሱ ባሕር ዛፍ ያሠራ ነበር። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ማሽኑ ከአቅሙ ብዙ በታች ሲሠራ እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ይወደዳል። ሙሉ ቀን ሥራ ያለው ወፍጮ ወይም መፈልፈያ ያዋጣዋል። ማታ ሁለት ሰዓት አምፖል ለማብራት ግን ሶላር ግዙ፤ እውነቴን ነው።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። ጋሲፋየር ገለባና እንጨትን አይለይም፤ የሚበላው ያቀረባችሁለትን ነው። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል። በአንድ በኩል ማሩም፣ ዝናቡም፣ ጥላ ሥር ያለው ቡናም ከእሱ ነው። ገለባው ሚያዝያ ላይ ሲያልቅ ባለማሽኑ ምን ያደርጋል? ማሽኑን በብድር ገዝቶታል፣ ወረፋው በር ላይ ቆሟል፣ ደኑ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነው። ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ስለዚህ የዓመት ማገዶው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያልተጻፈበት ፕሮጀክት «ታዳሽ ኃይል» ተብሎ ሲቀርብ ብትጠራጠሩ አይፈረድባችሁም። የማሻና አንድራቻ ቀርከሃ ቶሎ ይበቅላል የሚሉ አሉ። ቶሎ መብቀሉ እውነት ነው፤ ግን እሱም የሚቆረጥበት መጠን ካልተወሰነለት ያልቃል።

ትልቁን ማሽን ለማኅበርና ለባለመፈልፈያ ተዉትና አንድ ትንሽ ነገር አለ። ያው ሐሳብ በምድጃ መልክ። ሁለት ቆርቆሮ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። የውስጠኛው ከታችና ከአፉ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ አለው። ቆረቆንዳ ወይም የእንጨት ስባሪ ትሞሉበታላችሁ፤ እሳቱን የምትለኩሱት ከላይ ነው፣ ከታች አይደለም። እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወጣው ጋዝ ከላይኛው ቀዳዳ ከሚገባው አየር ጋር ተገናኝቶ ይነዳል። ጭሱ ከሦስት ጉልቻ በጣም ያነሰ ነው። ነበልባሉ ሲያልቅ ከታች ፍም ይቀራል፤ ካጠፋችሁት ከሰል ነው፣ ፈጭታችሁ ጓሮ ብትጨምሩትም የእኛን ኮምጣጣ አፈር ይጠቅማል። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ጉድለቱ መሐል ላይ ማገዶ መጨመር አይመችም፣ እንጀራ አይጋግርም፤ ለወጥና ለቡና ነው። ይሄንንም ክፍት ቦታ ተጠቀሙበት፤ ፍሙን ይዛችሁ መኝታ ቤት እንዳትገቡ።

ትልቁን ማሽን እንሽጥላችሁ ብሎ የሚመጣ ካለ ደግሞ አምፖል ሲበራ አይታችሁ እጅ እንዳትሰጡ። ለአሥር ደቂቃ ሁሉም ይሠራል። በእናንተው ቆረቆንዳ፣ በእናንተው ወፍጮ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ አስፈጩት። ሲያልቅ ፊልተሩን ፊታችሁ ያስከፍቱት። መለዋወጫው ጅማ ወይም ሚዛን ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጎሚስታው እንኳ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ተሰነባበቱ። ፊልተሩ የታጠበበትን ጥቁር ውሃ የት እንደሚደፉትም ጠይቋቸው፤ ወንዛችን ውስጥ ከሆነ ውሃውን የሚቀዳው የእናንተው ቤት ነው።

እኔ በቆሎዬን በማግስቱ ማታ አስፈጭቼ ተመለስኩ። ናፍጣው ከቴፒ በጄሪካን መጥቶ ነበር። ጋሼን ስለ ጋሲፋየሩ ጠየቅኳቸው። ቪዲዮውን ልጃቸው አሳይቷቸው ኖሯል። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዋጋው አልነበረም፤ ማነው ጠዋት ጠዋት የሚያጸዳው ነው ያሉኝ።