ቤቱም አብሮ የሚጫወትባቸው አልበሞች

የምትወዳቸውን የሮክ አልበሞች ጥራ ብባል፣ ብዙ የተሸጠውን ወይም ጊታሩ የረቀቀውን አላስቀድምም። እኔ የማዳላው የተቀዱበት ቤት ለሚሰማባቸው ነው። ድራሙ ሲመታ የጣሪያውን ከፍታ የሚያስገምቱ፣ ድምፃዊው ሲጮህ ግድግዳው የሚመልስለት ሥራዎች አሉ። ደጋግሜ የምመለሰው ወደ እነሱ ነው።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ስቱዲዮ ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ስቱዲዮዎች ግድግዳቸውን ድምፅ በሚውጥ ነገር ይሸፍኑ ነበር። ትልቁ ድራም ውስጥ ትራስና ብርድ ልብስ ይወተፋል፤ ማይክሮፎኑም መሣሪያው ላይ ተጠግቶ ይተከላል። የሚቀዳው ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ማስተጋባቱ ካስፈለገ በኋላ በማሽን ይጨመራል። ለባለሙያው ይመቻል። ለእኔ ጆሮ ግን እንዲህ የተቀዳ ድራም ካርቶን ሲደበደብ ይመስለኛል።

የሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም (እ.ኤ.አ. 1971) ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ነው። የአልበሙ ቁንጮ ግን የመጨረሻው ዘፈን፣ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ነው እላለሁ። መሠረቱ የብሉዝ ዘፈን ነው፤ ሜምፊስ ሚኒና ካንሳስ ጆ ማኮይ የተባሉ ባልና ሚስት በ1929 ቀድተውታል። የሚያወራውም በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ግድቦቹን ጥሶ ሕዝብ ስላፈናቀለበት ጎርፍ ነው። ሌድ ዜፕሊኖች ይህን ዘፈን የቀዱት እንግሊዝ ገጠር ውስጥ፣ ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት ነበር፤ በ1795 ለድሆች መጠለያነት የተሠራ ቤት ነው። ድራም መቺያቸው ጆን ቦናም ድራሙን መግቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ አስቀመጠ። የድምፅ መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎን ከላይ፣ ከፎቁ ደረጃ ላይ ቁልቁል አንጠለጠለ። ስለዚህ እኛ የምንሰማው እንደ ተለመደው ከድራሙ ሥር የተቀዳውን አይደለም፤ አዳራሹን ሞልቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ ማይክሮፎኑ ጋ የደረሰውን ነው። ያ ምት ጎርፉን ራሱን ይዞ ይመጣል፤ ቃሉ ሳይጀመር ምን ሊደርስ እንደሆነ ይገባችኋል። ለእህቴ ልጅ በጆሮ ማዳመጫ ሳሰማው፣ ስለ ቤቱ ምንም ሳልነግረው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የሚመታው?» አለኝ። የራፕ ቡድኑ ቢስቲ ቦይስም በ1986 የመጀመሪያ አልበማቸውን የከፈቱት በዚሁ ምት ነው።

የዴቪድ ቦዊ «ሂሮስ» (1977) ደግሞ የምዕራብ በርሊን ልጅ ነው። የተቀዳበት ሃንሳ ስቱዲዮ ከበርሊን ግንብ አጠገብ ነበር፤ ሰዎቹ ከሚሠሩበት ክፍል መስኮት ግንቡና ጠባቂዎቹ ይታያሉ። የቀረጻው አዳራሽ ሰፊና ያማረ፣ ድሮ የሙዚቃ ድግስ ይዘጋጅበት የነበረ ነው። ለአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ ያደረገውን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሦስት ማይክሮፎን ደረደረ፦ አንዱን ከቦዊ አፍ አጠገብ፣ ሁለተኛውን 6 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሦስተኛውን 15 ሜትር ያህል ርቆ። ሁለቱ ሩቆቹ እንዲዘጉ ተደርገዋል፤ የሚከፈቱት ድምፁ በቂ ጉልበት ሲያገኝ ብቻ ነው። ቦዊ በለሆሳስ ሲጀምር የሚቀዳው የቅርቡ ነው። አዳራሹ እንዲሰማ ከፈለገ መጮህ አለበት፤ የመጨረሻው እንዲከፈት ደግሞ ያለ የሌለ ኃይሉን ማውጣት። ዘፈኑ እየገፋ ሲሄድ የሚያስፈነድቀን ያ ጩኸት የይምሰል አይደለም፤ ሰውየው እውነት ከክፍሉ ጋር እየታገለ ነው። ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕም እያንዳንዱን ረጅም ኖታ ከድምፅ ማጉያው በሚቆምበት ርቀት ያወጣ ነበር፤ የሚቆምበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ተለክቶለታል።

የሬዲዮሄድን «ኦኬ ኮምፒውተር» (1997) በአጭሩ ልለፈው። እንግሊዝ ውስጥ፣ ባዝ ከተማ አጠገብ ባለ ጥንታዊ የባላባት ቤት ብዙው ተቀድቷል፤ ድምፃዊው ቶም ዮርክ «ኤግዚት ሚዩዚክ»ን የዘፈነው በድንጋዩ ደረጃ ላይ ሆኖ ነው። ለእሷ አንዲት ዘፈን ስል ብቻ አልበሙን ሳልወደው አልቀርም ነበር።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ የካናዳዎቹ ካውቦይ ጃንኪስ «ዘ ትሪኒቲ ሴሽን»። እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1987 ቶሮንቶ፣ ሆሊ ትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ አልበሙም ከሞላ ጎደል በዚያው ቀን ተቀዳ። ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ ነው። ማርጎ ቲሚንስ ትዘፍናለች፣ ወንድሞቿ ማይክልና ፒተር ጊታርና ድራም ይጫወታሉ፤ ሌሎቹም ማይክሮፎኑን ከበው ተቀመጡ። በኋላ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ የሚያደርግ ማሽን ስለሌለ፣ ሚዛኑን የጠበቁት በመጠጋትና በመራቅ ነው። የማርጎ ድምፅ በማጉያ በኩል አልፎ ይመጣል፤ ጮክ ማለት አላስፈለጋትም። ማንም ማንንም መሸፈን የለበትምና ሁሉም እየተደማመጡ፣ ተጠንቅቀው ነው የሚጫወቱት። ይህ መተሳሰብ ራሱ ይሰማል። የቬልቬት አንደርግራውንድን «ስዊት ጄን»ም እዚያው ተጫውተውታል፤ ዘፈኑን የጻፈው ሉ ሪድ አወድሶታል።

በስልክ ማጉያ ከሰማችሁ ያልኩት ሁሉ ይጠፋል። ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ «ዘ ትሪኒቲ ሴሽን»ን ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ማርጎ ብቻዋን ያለ መሣሪያ ስትዘፍን የክፍሉን ስፋት ታውቁታላችሁ።